ወደቡስ እሺ፤ ውሃውስ?

ለገሃር አካባቢ አንዲት ጠባብ ቡና ቤት አለች። ከአንበሳው ሐውልት በእግር አምስት ደቂቃ ብትሆን ነው። ጠዋት ጠዋት እዚያ እቀመጣለሁ። ጠረጴዛዎቹ ሦስት ናቸው፤ ወሬው ግን አንድ ነው። ወደብ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጥቅምት 2016 ዓ.ም. ላይ ስለ ቀይ ባሕር ከተናገሩ ወዲህ ሌላ ወሬ ብዙም አይበረክትም። በኑሮ ውድነት ይጀመራል፤ ወደብ ላይ ያርፋል። በኳስ ይጀመራል፤ ዓሰብ ይደረሳል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ስልኩ ላይ ካርታ ከፍቶ ዘረጋልን። በሁለት ጣቱ እያጎላ፣ "ይቺን ታህል መሬት እኮ ናት የከለከለችን!" አለ። አጠገቡ ያለው ስለ ባሕር ኃይል ጀመረ። ሦስተኛው ስለ ሚሳኤል። አስተናጋጇ ሳትቀር ሐሳብ ሰጠች።

ጥግ ላይ ሁልጊዜ ብቻቸውን የሚቀመጡ ሽማግሌ አሉ። ጋዜጣቸውን አጠፍ አደረጉና፣ "እሺ ገባህ። ያዝከው። ከዚያስ፣ ውሃ ከየት ትጠጣለህ?" አሉት።

ልጁ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ጋሼ እንላቸዋለን፤ ዓሰብ ወደብ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ጭነት ሲያወርዱና ሲያስወርዱ የኖሩ ሰው ናቸው። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ ነው ሻንጣ አንጠልጥለው እዚህ የመጡት። ካምፖ ሱዳን ሰፈር ቤት ነበራቸው። ስለ ወደብ ሲወራ ብዙም አፋቸውን አይከፍቱም። ሲከፍቱ ደግሞ እንዲህ ናቸው።

ጥያቄያቸው ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ሳስበው፣ ስለ በረሃ ወደብ ሊጠየቅ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ ይሄው ነው። እኛ ወደብ ስንል ካርታ፣ መድፍና ባንዲራ ይታየናል። የአካባቢያችንን ወደቦች ታሪክ ያገላበጠ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። የበረሃ ወደብ ምሽጉ ባሕሩ ዳር ላይ አይደለም። ኋላው፣ ኮረብታው ሥር፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ነው።

ይህን ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይመስላል። እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው። ሲመጣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይመጣል። ጎረቤቴ ደረጃው ላይ ቆማ "ውሃ መጣ!" ስትል ሕንፃው በሙሉ ይነሣል። ጀሪካን ይንኳኳል፣ ሮቶው ይጮኻል፣ ልጆች ያለቅሳሉ። ዝናብ ጠግቦ በሚወርድበት፣ ከባሕር ወለል በላይ ከሁለት ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ሆነን ይህ ነው ኑሯችን። እንግዲህ ይህን ሰፈር ዝናብ ወደማይጎበኘው ዳርቻ አውርዱት። ዙሪያውን ጨዋማ ባሕር ክበቡት። አሁን ምጽዋን አገኛችኋት።

ምጽዋ ደሴት ናት። አጠገቧ ሁለተኛ ደሴት አለ፤ ጥዋለት ይባላል። ሁለቱም ላይ የሚረባ ምንጭ የለም። የጥንት ሰዎች ከሰማይ የሚወርደውን ጥቂት ጠብታ ለማጠራቀም ዐለት እየፈለፈሉ ጉድጓድ ይሠሩ ነበር። በዚህ ሥራ የሚታወቁት ፊት ለፊት ያሉት የዳህላክ ደሴቶች ናቸው። ትልቁ ዳህላክ ላይ በኮራል ድንጋይ ውስጥ የተፈለፈሉ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ዛሬም ይታያሉ። አፈ ታሪኩ ቁጥራቸውን 365 ያደርገዋል፤ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ጉድጓድ ማለት ነው። ቁጥሩ ተረት ይሁን እውነት አላጣላም። ተረቱን ያወጣው ሰው ግን ጥም ምን እንደሆነ የሚያውቅ ነው።

የምጽዋ ሰው የሚጠጣው በአብዛኛው ከማዶ ነበር። ከሕርጊጎ በጀልባ ይመጣለታል። ከእምኩሉና ከሕጥምሎ ደግሞ ሴቶች በቆዳ ስልቻ እየተሸከሙ ያመላልሱ ነበር። ዕንቁ ከዳህላክ ይወጣል፣ ጨው ከዳርቻው ይታፈሳል፣ ዓሣ ሞልቷል። እህሉ፣ ቅቤው፣ ማሩ፣ የዝሆን ጥርሱ ግን ከደጋ ይወርዳል። ባሪያም ይወርድ ነበር፤ የወደቡን ታሪክ ስናወራ ይቺን መዝለል ደግ አይደለም። በአጭሩ ወደቡ የራሱ የሆነ ነገር ጥቂት ነው። የሚበላውም የሚጠጣውም በሰው እጅ ነው።

ኦቶማኖች ምጽዋን እ.ኤ.አ. በ1557 ያዙ። በኦዝደሚር ፓሻ መሪነት መድፍና መርከብ ይዘው መጡ። ደሴቲቱን መያዝ አልከበዳቸውም። ወደ ደጋው ሊወጡ ሞክረው ድባርዋ ድረስ ሄዱ፤ አልተሳካላቸውም፤ ወረዱ። ከዚያስ ምን ሆነ? የታላቁ መንግሥት ወታደሮች ደሴቲቱ ላይ ቀሩ፤ ሕርጊጎ ላይ ጉድጓዱንና የግመል መንገዱን የያዘው፣ በለው የሚባለው ወገን ደግሞ ቀስ በቀስ የወደቡ ጌታ ሆነ። ሹመቱ "ናይብ" ተባለ፤ እንደራሴ ማለት ነው። በወረቀት ላይ የኢስታንቡል ሹም ነው። በተግባር ግን ውሃው በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው። ለሦስት መቶ ዓመት ገደማ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባ ነጋዴም ጳጳስም መልእክተኛም ናይቡን ሳያስደስት አልፎ አያውቅም።

እዚህ ላይ የምወዳት ታሪክ አለች። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ቀዳማዊ ኢያሱ ጎንደር ነግሠዋል። ሙራድ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ የንጉሡን ዕቃ ይዞ ምጽዋ ሲደርስ ናይቡ ቀረጥ ካልከፈልክ ብሎ ዕቃውን ያዘበት። ንጉሡ አንድ መርከብ የላቸውም። አንድ ጀልባም የላቸውም። ያደረጉት ቀላል ነው። ከደጋ ወደ ምጽዋ ስንቅ እንዳይወርድ አገዱ። ደሴቲቱ ተራበች። ናይቡ ዕቃውን መልሶ ይቅርታ ጠየቀ። ወደብ ያለ ባሕር ኃይል፣ አንድ ጥይት ሳይተኮስ፣ ከኋላ ተያዘ ማለት ነው።

ይቺን ታሪክ ቡና ቤቱ ውስጥ ስነግር ያ ባለ ካርታው ልጅ ዓይኑ በራ። "በቃ እንደዚያ ነው ማድረግ!" አለ። ቆይ፣ አትቸኩል። እመለስበታለሁ።

ከዚያ 1860 ዓ.ም. መጣ። ሁላችንም የመቅደላን ታሪክ የምናውቀው ከላይ ነው፤ ከሚያዝያ 6፣ ከቴዎድሮስ ሽጉጥ። ከታች፣ ከባሕሩ ዳር ያለውን ግን ብዙም አናወራውም። ጄኔራል ናፒየር 13 ሺህ ያህል ወታደር ይዞ ከምጽዋ በስተደቡብ ዙላ ላይ ወረደ። ከወታደሩ የሚበልጥ አሽከርና ጫኝ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የጭነት ከብት፣ 44 ዝሆን ነበረው። ዙላ ላይ ይህን ሁሉ ሊያጠጣ የሚችል ውሃ አልነበረም። እንግሊዞች ምን አደረጉ? ባሕሩን እንደ አረቄ አወጡት። የመርከቦቹን ማሞቂያ በድንጋይ ከሰል እያነደዱ የባሕሩን ውሃ አፈሉ፤ እንፋሎቱን አቀዝቅዘው ንጹሕ ውሃ ጠብ አደረጉ። ካቲካላ ስታወጣ ያየ ሰው አሠራሩ ወዲያው ይገባዋል። ጋኑ መርከብ ነው፣ እሳቱ ከሰል ነው፣ የሚወርደው ጠብታ ውሃ ነው።

ያም ሆኖ መጀመሪያ ላይ ሥርዓቱ እስኪደላደል በቅሎዎቹ በጥምና በበሽታ እዚያው ዳርቻ ላይ በብዛት አለቁ። የዓለም ትልቁ ኃያል መንግሥት ነው ይህ የደረሰበት። ከሰል የሚያቃጥልበት ገንዘብ፣ የሚያመላልስበት መርከብ፣ ከቦምቤይ የሚጭንለት ጓዝ ነበረው። ዙላ ላይ ለመቆየት ያቀደው ደግሞ ለጥቂት ወር ብቻ ነው። ሥራውን ጨርሶ፣ ለዘመቻው የዘረጋውን የባቡር ሐዲድ ነቅሎ ሄደ። ከባሕር ውሃ እየጠመቁ መኖር የሀብታም ዘመቻ እንጂ የከተማ ኑሮ አልነበረም።

ናፒየርን ከረዱት አንዱ ሙንዚንገር የሚባል ስዊዛዊ ነው። በኋላ ለግብፅ አደረና የምጽዋ ገዥ ሆነ። ይህ ሰው አስገራሚ ነው። ቋንቋውን ያውቃል፣ አገሩን ያውቃል፣ የአገሩን ልጅ አግብቷል። ወደቡ ምን እንደሚጎድለው ገብቶታል። ስለዚህ ግንብ ከማብዛት ይልቅ ባሕሩን በድንጋይ ደልድሎ ምጽዋን ከጥዋለት፣ ጥዋለትን ከየብስ የሚያገናኝ መንገድ አሠራ። ረጅሙ ክፍል አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከእምኩሉ ደግሞ ውሃ የሚያመጣ ቦይ ዘረጋ። ምጽዋ ከተማ መሆን የጀመረችው እኔን ብትጠይቁኝ ያኔ ነው።

ግን ሰውየው አፋርን አላወቀም፤ ወይም ያወቀ መሰለው። በ1868 ዓ.ም. በበረሃው አቋርጦ ወደ መሀል አገር ሊገባ ሲሄድ አውሳ ላይ ከነጭፍራው አለቀ። የምጽዋን ጥም ያስታገሰው ሰው የሞተው በረሃውን የራሴ ነው ብሎ ሲረግጥ ነው። በዚያው ሰሞን ጉንደት ላይ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ጉራ ላይ የግብፅ ጦር ተደመሰሰ። ምጽዋ ግን አሁንም በግብፅ እጅ ነበረች። ውሃ የተጠራቀመለት ወደብ ለጊዜው ከኋላ የሚመጣውን ሊቋቋም ይችላል።

ጣሊያን ይህን ትምህርት በሚገባ ቀድቶታል። በ1876 ዓ.ም. አጼ ዮሐንስና እንግሊዝ አድዋ ላይ ውል ተፈራረሙ። ዕቃችን፣ መሣሪያው ሳይቀር፣ በምጽዋ በነፃ እንዲያልፍ የሚል ነበር። ዓመት ሳይሞላው እንግሊዝ ዓይኗን ጨፍና ጣሊያን ምጽዋን ያዘ። የወረቀት ወደብ ይህን ያህል ነው ዕድሜው። ጣሊያኖች ከገቡ በኋላ መጀመሪያ የተጣደፉት ወዴት መሰላችሁ? ወደ ውሃው ነው። ሕጥምሎ ላይ ምሽግ፣ እምኩሉ ላይ ምሽግ፣ ቀጥሎ ወደ ውስጥ ገፍተው ሰሐጢ ላይ። ሰሐጢ ከምጽዋ ወደ አስመራ በሚወስደው የግመል መንገድ ላይ ያለች የጉድጓድ ሰፈር ናት።

ራስ አሉላ ነገሩ ወዲያው ገብቷቸዋል። ምጽዋን የያዘ ጠላት ደሴት ላይ የታሰረ ጠላት ነው። ሰሐጢን የያዘ ጠላት ግን ነገ አስመራ ነው። ጥር 1879 ዓ.ም. ሰሐጢን አጠቁ፤ ምሽጉ አልተሰበረም። በማግሥቱ ለሰሐጢ ስንቅና ጥይት ይዞ ከታች የሚመጣውን 500 ያህል የጣሊያን ጦር ዶጋሊ ላይ ጠብቀው ከበቡት። ከጥቂቶች በቀር የተረፈ የለም። ዶጋሊን እንደ ጀግንነት ታሪክ እንተርካታለን፤ ናትም። ከጀርባዋ ያለው ግን የጉድጓድ ጠብ ነው። ጣሊያንም ሐዘኑን ጨርሶ ያደረገው ነገር ቢኖር ከምጽዋ እስከ ሰሐጢ 27 ኪሎ ሜትር ባቡር መዘርጋት ነው። ወደቡን ከጉድጓዱ ጋር በብረት ሰፋው።

እዚህ ጋ ለገሃር ትገባለች። ሮም ውስጥ ከትልቁ ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው አደባባይ ስሙ "ፒያሳ ዴይ ቺንኮቼንቶ" ነው፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ። አምስት መቶዎቹ የዶጋሊዎቹ ናቸው። ለእነሱም ሐውልት ተክለውላቸዋል። በ1923 ዓ.ም. ለንግሥ በዓሉ እኛ ባቡር ጣቢያ ፊት የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ፋሺስቶች ሲዘርፉት ወስደው ያስቀመጡት እዚያው፣ የዶጋሊ ሐውልት ሥር ነው። ኤርትራዊው ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. አንበሳውን እዚያ አይቶ ነው ደሙ የፈላው። አንበሳው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ ቤቱ ተመልሶ ዛሬ በየቀኑ በሥሩ እናልፋለን። ሚኒባስ ተራ ስንጠብቅ ጀርባውን እንደገፋለን። ከሰሐጢ ጉድጓድ ጋር ዝምድና እንዳለው የሚያስብ ያለ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ቶሎ ልለፈው። ጣሊያን ምጽዋን ሃምሳ ዓመት መሸገ። መድፎቹ አፋቸው ወደ ባሕር ነበር። መጋቢት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ከተማዋ ስትወድቅ እንግሊዝና ነፃዎቹ ፈረንሳዮች የመጡት ግን በዋናነት ከከረንና ከአስመራ ቁልቁል፣ በየብስ ነው። ጣሊያኖች መርከቦቻቸውን በራሳቸው እጅ ወደቡ አፍ ላይ አሰጠሙ። የካቲት 1982 ዓ.ም. ደግሞ ሻዕቢያ ምጽዋን የያዘው ከየብስም ከባሕርም መጥቶ ነው። የመጨረሻው ውጊያ ሙንዚንገር በደለደለው በዚያ ጠባብ መንገድና በጥዋለት ዙሪያ ነበር። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም። በዚህ ከተማ ልጃቸውን እዚያ ያስቀሩ እናቶች አሁንም አሉ፤ እነሱ ፊት ስለ ወደብ እንደ ኳስ ማውራት ይከብደኛል።

ምጽዋ ብቻ እንዳትመስላችሁ። ዘይላ ግንብ ነበራት፤ ጥሩ ውሃዋ ግን ከግንቡ ውጪ ነው። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1517 መጥተው አቃጠሏት፤ ግንቡ አላዳናትም። ስለ በርበራ ደግሞ ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሶማሊላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነዱ ሲፈረም ስንቱ ተንታኝ ተናገረ! አንካራ ላይ ታኅሣሥ 2017 ከሶማሊያ ጋር ሌላ መግለጫ እስኪወጣ ድረስ ወሬው ሁሉ በርበራ ነበር። ዱባር የሚለውን ስም ግን ከአንድም ሰው አፍ አልሰማሁም። ዱባር ከበርበራ በስተደቡብ፣ ኮረብታው ሥር ያለ ምንጭ ነው። ግብፆች በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. በርበራን ሲይዙ ወደብ ሠሩ፣ የመርከብ መብራት አቆሙ፣ ውሃውን ከዱባር በቦይ አመጡ። ምንጩ ላይም ጠባቂ ምሽግ ነበር። ወደቡን ሊጠብቅ የፈለገ ምንጩን ጠበቀ።

አሁን ወደ ዛሬ ልምጣ። ጅቡቲን። ፈረንሳዮች ከኦቦክ ወደ ጅቡቲ የተዛወሩበት አንዱ ምክንያት እዚያ የተሻለ መልሕቅ መጣያና አምቡሊ ላይ የሚቆፈር ውሃ መኖሩ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ባቡሩ በ784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ለገሃር ደረሰ። ለገሃር የሚለው ስም ራሱ የፈረንሳይኛው "ላ ጋር" ነው፤ ጣቢያው ማለት። ይህ ሰፈር በስሙ ሳይቀር የአንድ በረሃ ወደብ ጅራት ነው።

ጅቡቲ አደገች፤ አምቡሊ ግን አላደገም። ጉድጓዱ ጨው ጨው ማለት ጀመረ። መፍትሔው ከየት መጣ? ከእኛ። በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን፣ ሀደጋላ አካባቢ የተቆፈሩ ጉድጓዶች አሉ። ከዚያ 102 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ተዘርግቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ ጀመረ። የታቀደው መጠን በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ነው። ገንዘቡ የቻይና ብድር ነው፤ ተበዳሪዋ ጅቡቲ ናት። ውሃውን ኢትዮጵያ የፈቀደችው ያለ ክፍያ ነው። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ መብራትም ከእኛ ትገዛለች።

ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ገቢና ወጪ ዕቃችን በጅቡቲ ያልፋል። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል፤ በምሬት ይናገረዋልም። ክሬኑን የሚነዳው ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ ቧንቧ ሲከፍት ከሲቲ ዞን የመጣ ውሃ ሊሆን እንደሚችል ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? በቡና ቤታችን ስጠይቅ ከጋሼ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ባለ ካርታው ልጅ እዚህ ጋ ነው እንደገና የተነሣው። "ታዲያ ለምን አንዘጋባቸውም? ኢያሱ ዘግተው የለ!" አለ። ይህን ቀልድ በማኅበራዊ ሚዲያም አይቼዋለሁ፤ ብዙ ሰው እየሳቀ ይለዋል። እኔ አልስቅም። ኢያሱ የዘጉት ዕቃ በዘረፈ ሹም ላይ ነው። ጅቡቲ ዕቃ አልዘረፈችም፤ ኪራይ ነው የምታስከፍለው። ውድ ነው ብለን መከራከር እንችላለን፣ መከራከርም አለብን። የሰው ጉሮሮ ላይ እጅ ማሳረፍ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያ ላይ ሞኝነት ነው። ቧንቧው በተዘጋ በሳምንቱ ነዳጅ ማደያው ፊት የሚሰለፈው ማነው? እኔና አንተ ነን። በጀሪካን ወረፋ ያደገ ሰው በጀሪካን አያስፈራራም፤ ማፈር አለበት።

ሌላ ጥያቄ አለኝ፤ ይሄኛው ለእኛው ነው። ውሃው የሚወጣበት አካባቢ አርብቶ አደሮች ድርቅ በመጣ ቁጥር ከብት ያልቅባቸዋል። ቧንቧው በሚያልፍባቸው ቀበሌዎች ስንት ቦኖ አለ? ግመል የሚጠጣበት ገንዳስ? ናይቦቹ ለሦስት መቶ ዓመት የነገሡት ጉድጓዱ አጠገብ ያለው ሕዝብ ወገናቸው ስለነበረ ነው። ሙንዚንገር የሞተው ያን ሕዝብ ንቆ ነው። ወደ ባሕሩ የሚወስደው መንገድ ሁሉ በአፋርና በሶማሌ መሬት ላይ ነው የሚያልፈው። እነሱ ወደብ በሚባለው ወሬ ውስጥ ያሉት ግን እንደ መልክዓ ምድር ነው፤ ካርታው ላይ ቢጫ ቀለም ሆነው።

አንድ ወዳጄ ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት አንብቦ፣ "ዘመኑ ተለውጧል፤ አሁን የባሕር ውሃ ማጣሪያ አለ" አለኝ። ልክ ነው፣ አለ። የባሕረ ሰላጤው አገሮች በእሱ ነው የሚኖሩት። ዓይነቱ ይለያይ እንጂ ነገሩ ያው የናፒየር አረቄ ነው። እሳት ይፈልጋል። እሳቱ ዛሬ ኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪኩ ከየት ይመጣል? ነዳጅ ያለው ከነዳጁ፣ የሌለው ከደጋው ወንዝ። ዞሮ ዞሮ ወደቡ ዓይኑ ወደ ኋላ ነው።

እንግዲህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ቴሌቪዥን ላይ ስለ ወደብ ክርክር ሲዘጋጅ ከጄኔራሉና ከሕግ ምሁሩ ጎን አንድ የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ ይቀመጥ። የአፋር ሽማግሌ ይቀመጥ። የሲቲ አርብቶ አደር ይቀመጥ። የመንግሥት ተደራዳሪዎችም ስለ ኪሎ ሜትርና ስለ ዓመት ኪራይ ከመነጋገራቸው በፊት፣ ያ ከተማ በሃያ ዓመት ውስጥ ስንት ሰው ይኖርበታል፣ ምን ይጠጣል፣ ማን ያጠጣዋል የሚለውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡ። ለጅቡቲ በነፃ የሰጠነውን ውሃም እንደ ውለታ ሳይሆን እንደ ውል እናንሣው። የእኛ ጉድጓድና የእነሱ መልሕቅ መጣያ አንድ ሥርዓት ነው። ስለ ዋጋ ስንነጋገር ሁለቱም መጠራት አለባቸው። ማስፈራራት ሌላ ነው፤ የድርሻን መናገር ሌላ ነው።

የድሮው የለገሃር ጣቢያ ደግሞ አለ። በዙሪያው ያለው ሰፈር ፈርሶ ፎቅ እየወጣበት ነው። ጣቢያው አንድ ክፍሉን ለዚህ ታሪክ ቢያውለው ምን ነበረበት? የእምኩሉን ቦይ፣ የዙላን የውሃ ማሽን፣ የሰሐጢን ሐዲድ የሚያሳይ አንድ ግድግዳ ይበቃኛል። ልጆች ከአንበሳው ጋር ፎቶ ተነሥተው ሲጨርሱ ገብተው ያዩት ነበር። ይሄ እንኳ ምኞት ነው፤ ለነገሩ ብዬ ነው።

ትናንት ጋሼን ስለ ዓሰብ ውሃ ጠየቅኋቸው። ቡናቸውን አስቀመጡ። "ከሐርሲሌ ነበር የሚመጣልን" አሉ። "ጉድጓዱ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ትንሽ ጨው ጨው ይላል። መጀመሪያ የሄድክ ጊዜ ሻይህ አይጥምህም፤ ትነጫነጫለህ። በኋላ ትለምደዋለህ። እኔ አዲስ አበባ ለእረፍት ስመጣ የዚህ ሻይ ነበር አልጥም የሚለኝ።" ሳቁ። "ውሃውን የሚጠብቁት የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። አንዱ አፋር ወዳጄ ነበር። ምን ይለኝ ነበር መሰለህ፣ 'እናንተ መርከብ ስትቆጥሩ...'"

ስልካቸው ጠራ። ልጃቸው ናት። ድምጿ እኔ ድረስ ይሰማል።

"አባዬ፣ ቶሎ ና! ውሃ መጣ!"

ተነሡ። ባርኔጣቸውን አደረጉ። "ልጄ፣ ሮቶው ቧንቧው ተበላሽቷል፤ ካልያዝኩላት ይፈሳል" አሉኝና ጨዋታውን ሳይጨርሱ፣ ቡናቸውን እንኳ ሳይጨልጡ፣ በአንበሳው በኩል ታጠፉ።